ስኳር ጨመረ

ከቀትር በኋላ ፀሐይ በሱቃችን መስኮት ስትገባ ጥጡ ብቻውን ይነሣል። ማንም ሳይነካው፣ ነፋስም ሳይኖር ከወለሉ ብድግ ብሎ በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ወደ ላይ ይሂድ ወደ ታች አይታወቅም። ፍራሽ ሠሪዎች ነን። እኔ የፍራሹን ልብስ እሰፋለሁ፤ ባሌ ጥጡን በዱላ ይደበድባል፣ ይሞላል፣ ይጠቀጥቃል፣ ተሸክሞም ለባለቤቱ ያደርሳል። በራችን ላይ «ምቾት ፍራሽ» ተብሎ ስለተጻፈ ሰፈርተኛው ባሌን «ምቾት» ይለዋል። እኔ ደግሞ «የምቾት ሚስት» ነኝ፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያስታውስ ከባሌ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ምቾት ስሙን የሚመስል ሰው ነው። ሆዱ ቀድሞት በር ይገባል። ሻይ ሲጠጣ ማንኪያው ቢሰለች እንጂ እሱ ስኳር መጨመር አይሰለቸውም። ምሳውን እንደበላ አዲስ የተሠራው ፍራሽ ላይ ጋደም ይልና «እስኪ ልፈትሸው» ይላል። በማንኮራፋት ያልተፈተሸ ፍራሽ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም።

እኔ አልጋደምም። ስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ግንባሬን የታጠፈው ጨርቅ ላይ ጣል አድርጌ ለአፍታ አሸልባለሁ። መኪናዋ በመብራት ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ ከእኔ የሚለፉት ጣቶቼና አንድ እግሬ ብቻ ናቸው። በዚያች አፍታ እናቴ ትመጣለች። ሁልጊዜ የምትቀመጠው ገና ያልተሰፋ ፍራሽ ጫፍ ላይ ነው። ዓይኗ እንደ ድሮው ያያል። የሚንሳፈፈውን ጥጥ በእጇ ለመያዝ ትሞክርና «ውሃ ስጪኝ» ትለኛለች። ብርጭቆውን ሞልቼ እሄዳለሁ፤ እሷ ጋ ስደርስ ግን ብርጭቆው ውስጥ ያለው ጥጥ ነው። ያኔ እነቃለሁ።

እናቴን የወሰዳት ስኳር ነው። ልጅ ሆኜ ትልልቆቹ «ስኳር አለባት» ሲሉ ስሰማ ምንም አልደነገጥኩም። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ስም ያለው በሽታ ምን ክፉ ያመጣል? «አለባት» ሲሉም የተበደረች መስሎኝ አንድ ቀን ከጓዳ ስኳር በብርጭቆ ሰርቄ «እንኪ፣ መልሺላቸው» ብያታለሁ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ምርመራዋን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ጥሙ ሲያቃጥላት «ሙቀቱ ነው» ትላለች፣ ሽንት ሲያመላልሳት «ብርዱ ነው»፣ ዓይኗ ብዥ ሲልባት «እድሜ ነው»። እግሯ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ ከረመች። በመጨረሻ ዓይኗ ጨለመና ድምፄን እየተከተለች ቤት ውስጥ ትሄድ ጀመር።

ስለዚህ እኔ በዚህ ዓለም ላይ የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ምቾት የእናቴ ዕጣ እንዳይደርሰው። ከጠዋት እስከ ማታ እነዘንዘዋለሁ። «ማንኪያውን አስቀምጥ!» «ያ ብስኩት የማነው?» «ሆድህን ተመልከት እንጂ፣ ሰውዬ!» እሱ ይስቃል። «ሆዴ ማስታወቂያ ነው» ይላል፣ «ፍራሽ ሠሪ ከስቶ ማን ፍራሽ ይገዛዋል?» ያናድደኛል። እኔማ ስኳር ከሻዬ ካወጣሁ ስንት ዘመኔ። ወፍራም የሚለኝም የለም፤ ወገቤ ላይ የተጠመጠመችውን ስብ ሽርጤ ትሸፍንልኛለች። ስሰፋ የምጠጣው በትልቅ ብርጭቆ የፍራፍሬ ጭማቂ ነው፤ ጭማቂ ጤና ነውና። ሲርበኝ ነጭ ዳቦ እቆርሳለሁ፤ ዳቦ ውስጥ ስኳር የለማ።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያው ለምርመራ አልጋዎቹ ፍራሽ አዘዘን። ልናደርስ ስንሄድ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ለፈለገ ሁሉ ደም ይለካሉ። ምቾትን በክንዱ ጎትቼ ወረፋ አስያዝኩት። ክንድ የሚያክል የፍራሽ መርፌ ቀኑን ሙሉ እንደ ጥርስ መፋቂያ የሚያንቀሳቅስ ሰው የነርሷን መርፌ ሲያይ ላብ አጠመቀው። «አንቺ ቅደሚ» አለኝ። እንዳያመልጠኝ ብዬ ብቻ ቀደምኩ፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ተከተለኝ። ነርሷ፣ ልጃችንን የምታክል ፈገግተኛ ሴት፣ ውጤቱን እንድትነግረን ስልክ ጠየቀችን። የእኔ ስልክ እንደ ልማዱ አንድ ፍራሽ ውስጥ ተሰፍቶ ስለነበር የእሱን ሰጠናት።

እዚህ ላይ ስለ ባለሱቋ መናገር አለብኝ። ከእኛ ማዶ ሸቀጣ ሸቀጥ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። የዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ በሚነሣበት በዚያ ሰሞን አንድ ደግነት ነበራት፤ ዋጋው ከመነሣቱ በፊት ለደንበኞቿ ትደውላለች። «ዘይት ሊጨምር ነው፣ ብቅ በሉ» ትላለች፤ ሰዉም ብቅ ይላል። ባንኮኒዋ ሥር የውሃ ጆግ አይለያትም፤ ለደንበኛ ሁሉ ስትጮህ ጉሮሮዋ ይደርቃል።

ነርሷ የደወለችው ምቾት ፍራሽ ሲፈትሽ ነው። ስልኩን በእንቅልፍ ልቡ አነሣው። የሴት ድምፅ፣ «ስኳር ጨምሯል፤ ለባለቤትዎ ይንገሯት፤ ሳይቆዩ ብቅ ይበሉ» አለው። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋ፤ ጫማውን አጠለቀና መንገዱን ተሻገረ። ባለሱቋ ጓሮ ደርሳ እስክትመለስ ጠበቃት።

«ስኳር ጨመረ አሉ?» አላት።

ነጋዴ ናት፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። «ጨመረ እንጂ!» አለችና እዚያው በቆመችበት ጨመረችበት።

ከእንቅልፌ ስባንን ባሌ አንድ ጆንያ ስኳር በትከሻው ተሸክሞ በር ላይ ቆሟል፤ ጥጥ ፀጉሩ ላይ ሰፍሯል፤ ፊቱ በርቷል። «ደግሞ ሳይጨምር ደረስኩበት!» አለኝ። ሌላው ባል አበባ ይዞ ይመጣል ይባላል። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ ብጽፈው ያሳፍረኛል። ጆንያውን ከመኪናዬ አጠገብ አስቀመጠና ራሱ ተቀመጠበት።

በማግስቱ እናቴ በሕልሜ ፍራሹን ትታ ጆንያው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጉንዳኖች በመስመር ከሥሯ ይወጣሉ፤ እሷ እንዳትረግጣቸው እግሯን አንሥታለች።

«የማነው?» አለችኝ፣ ጆንያውን መታ መታ እያደረገች።

«የእሱ ነዋ፣ እማዬ። የማን ይሆናል?»

ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። ውሃም አልጠየቀችኝም። ስነቃ ልቤ ከበደኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ጥቂት ቀናት አለፉና ነርሷ ራሷ ለትራስ ዋጋ ልትጠይቅ መጣች። ገና ከመግባቷ፣ «ምነው ጠፋችሁ? ደውዬ ነበር እኮ» አለች። «ስኳር ጨምሯል፣ ብቅ በሉ ብዬ።»

ምቾት የተቀመጠበትን ጆንያ ቁልቁል አየው። ቀስ ብሎ ተነሣ። ጥጡ ብርሃኑ ላይ ቆሞ የቀረ መሰለኝ። ከዚያ አፌን ከፈትኩ።

«አላልኩህም? ስንት ዓመት ለመንኩህ! ያ ማንኪያ! ያ ብስኩት! ያ ሆድህ! አሁን ደስ ይበልህ፣ ዓይንህ ጠፍቶ እኔን ስትከተል…»

«እትዬ» አለች ነርሷ።

«ተይኝ እስቲ ልጄ፣ ዛሬ ይስማኝ!»

«እትዬ፣ የእርሳቸው ደህና ነው። የጨመረው የእርስዎ ነው።»

ምቾት ሊያቀልልኝ ፈልጎ፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስ…» ብሎ ጀመረ። «ላለች» የሚለው ግን አልወጣለትም፤ ፊቱን ወደ ጥጡ ክምር አዞረ። ሃያ ምናምን ዓመት አብረን ስንኖር ይህ ሰው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እኔ አላለቀስኩም። ፈራሁ። የእናቴ እጅ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሲመጣ ታየኝ፤ እጁ የእኔ ነበር።

«ግን እኔ ስኳር አልበላም» አልኩ፣ እንደተሰደበ ሰው።

ነርሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የምበላውን ጠየቀችኝ። ስለ ጭማቂው ስነግራት፣ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ስንት ፍሬ ተጨምቆ እንደሚገባና ቃጫው ተጥሎ ስኳሩ ብቻ እንደሚቀር ነገረችኝ። ዳቦውም፣ ሩዙም፣ ድንቹም ሆድ ውስጥ ሲደርስ ስኳር ይሆናል አለችኝ። ከወላጅ ስኳር የነበረበት አለ ወይ አለች። እናቴን ነገርኳት። ልጅ ስወልድ ሕፃኗ ስንት ትመዝን ነበር አለች። አዋላጇ ለሁለት የሚበቃ ልጅ ወለድሽ ብላ እልል ያለችው ትዝ አለኝ፤ ለካ እርግዝና ላይ ስኳር ከፍ ሲል ሕፃን እንዲያ ሊተልቅ ይችላል፤ እናትየዋም በኋላ መመርመር ነበረባት። ቀኑን እንዴት እንደምውል ጠየቀችኝ። መኪናዬን አሳየኋት።

«እሱስ? ይህን ሁሉ ሆድ ይዞ?» አልኩ፣ ባሌን እየጠቆምኩ። ሰው ሲጨንቀው ክፉ ነው።

«እርሳቸው ቀኑን ሙሉ ይደበድባሉ፣ ይሸከማሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ። ሰውነት ሲንቀሳቀስ ስኳሩን ይጠቀምበታል። ይህ እስከመቼ እንደሚያድናቸው ግን አላውቅም» አለችና ወደ ምቾት ዞረች። «እርስዎም ማንኪያዎን ቢያሳርፉት አልጠላም።»

ከዚያ ዙሪያዋን አየችና ባዶ የፍራሽ ልብስ አነሣች። «ይሄ ሰውነትዎ ነው እንበል። ጥጡ ስኳሩ ነው። አፉን ከፍቶ ጥጡን የሚያስገባ እጅ አለ፤ ኢንሱሊን ይባላል። እጁ ሲደክም፣ ወይም ልብሱ አልከፈት ሲል፣ ጥጡ ውጪ ይቀራል። ውጪ የቀረ ጥጥ ምን ያደርጋል?»

ይህንንስ ማን ይጠይቀኛል? ዓይን ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ ሻይ ላይ ይሰፍራል፣ የመኪናዬን ጥርስ ያንቃል። ከዓመታት በኋላ የማያበላሸው ነገር የለም።

«ደም ውስጥ የቀረ ስኳርም እንደዚያው ነው» አለች። «ዓይን፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ እግር። እርስዎ ግን ገና የበሽታው ደጃፍ ላይ ነዎት። አልገቡም። ደጃፍ ላይ ያለ ሰው አያመውም፣ አይጠማውም፤ ለዚህ ነው ሳይመረመር የማያውቀው። ብዙ ሰው ከደጃፍ ተመልሷል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ እትዬ።»

በማግስቱ ቁርስ ሳልበላ ሄጄ ደሜን ደገምኩ። እውነት ነበር። ደጃፍ ላይ ነኝ።

ጆንያውን ምቾት ለባለሱቋ መለሰላት። በአሮጌው ዋጋ ተቀበለችው፤ ለእሱ ስትሸጥለት ያስታወሰችውን አዲስ ዋጋ ሲመለስ ረሳችው። ጭማቂው ቀረ፤ ፍሬውን ራሱን፣ ያውም አንድ፣ ከነቃጫው እበላለሁ። የሳህኔን ግማሽ ቅጠላ ቅጠል ያዘው፤ ነጩ ዳቦ ወደ ጥግ ተገፋ፤ ባቄላና ምስር ወደ መሃል መጡ። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዳቦ ሽታ ከመንገድ ሲገባ መቀሱን ወርውሬ ምቾትን ያለ ጥፋቱ ሰደብኩት። እሱ ማንኪያውን አነሣ፣ እያየሁት ጥጡ ክምር ውስጥ ወረወረውና «እኔም ተውኩ፤ አሁን አብረን እንነጫነጭ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተነጫንጨናል፤ ግን አብረን።

ከሁሉ የሚገርመው መንገዱ ነው። ከምሳ በኋላ መጋደም ቀረና ፍራሽ ማድረስ የሁለታችን ሆነ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ፍራሹ በራሳችን ላይ። ከፍራሽ ሥር ሆኖ መንገድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰማይ የለም። ሰው ሁሉ ጫማ ብቻ ነው። ነጠላ ጫማ ይመጣል፣ ተረከዙ የተበላ ጫማ ይመጣል፣ የውሻ እግር ይመጣል፤ ድምፅ ሁሉ በጥጥ ተጠቅልሎ ከሩቅ ይሰማል። ባሌ ከፊት «ጉድጓድ!» ይላል፣ እኔ እዘላለሁ። «ደረጃ!» ይላል፣ እወጣለሁ። መጀመሪያ ትንፋሼ ከጉልበቴ በፊት ያልቅ ነበር። እየቆየ ግን በዚያ ጥላ ውስጥ ስራመድ ሳልተኛ የማልም መሰለኝ። እናቴ አንዳንዴ አጠገቤ ትሄዳለች። እግሯን ብቻ ነው የማየው፤ ቁስሉ የለም። ሽርጤ ወገቤ ላይ መላላት ስትጀምር መጀመሪያ የሰማችው እናቴ ናት።

ወራት አለፉ። ደሜን በድጋሚ ሰጥቼ ውጤት በምጠብቅበት ሳምንት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ድሮ እንደማደርገው፣ ግንባሬን ጨርቁ ላይ ጣልኩ። እናቴ መጣች፤ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ውሃ ስጪኝ» አለች። ብርጭቆውን ሞልቼ አጠገቧ ደረስኩ። ውሃ ነበር፤ ጥጥ አልነበረም። እጇን ልትዘረጋ ስትል ከውጪ ጩኸት ቀሰቀሰኝ።

«ስኳር ቀነሰ! ስኳር ቀነሰ!»

ምቾት ነው። ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ሆዱ ቀድሞት፣ መንገዱን እየዞረ ይጮኻል። ነርሷ መደወሏን ከነበርኩበት አወቅሁ፤ ብድግ ብዬ ወደ በሩ ሮጥኩ። ሰፈሩ ግን የሰማው ሌላ ነው። በሩ ሁሉ ተከፈተ። አንዷ ዘምቢል ይዛ ወጣች፣ ሌላዋ የትራስ ልብስ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ የነበረችዋ ግማሽ ራሷ እንደተጠቀለለ። ሁሉም ወደ ባለሱቋ ጎረፉ። «ቀንሷል ተብሏል! ልኪልን!» ባለሱቋ «ማን ነው ያለው? ማን ነው?» እያለች ከባንኮኒዋ ወጣች። «ያኔ በምቾት አፍ ጨምረሻል፣ ዛሬ በምቾት አፍ ቀንሺ!» አላት አንዱ፤ መንገዱ በሳቅ ተናወጠ።

«የት ነው የቀነሰው? የትኛው ሱቅ?» ብላ ባለሱቋ ባሌን አንገቱን ልትይዘው ደረሰች።

ምቾት እጁን ዘረጋና በር ላይ የቆምኩትን እኔን ጠቆመ። «እሷ ጋ!» አለ። «እሷ ጋ ነው የቀነሰው!»

ነገሩ ሲገባቸው እልልታው ቀለጠ። አቀፉኝ፣ ገፉኝ፣ ዘምቢላቸውን ራሴ ላይ ደፉ። አሁን አለቀስኩ፤ ያኔ ያላለቀስኩትን ጨምሬ። ነርሷ ለምቾት፣ «አልቋል ማለት አይደለም፤ እንዲሁ ይቀጥሉ፣ በየዓመቱም ይመርመሩ» ብላዋለች። ይሁን። እቀጥላለሁ።

ሰዉ ሲበታተን ባለሱቋ እያለከለከች ሱቃችን ገባች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከስታለች፤ ሰዉ አማረብሽ ይላታል። ጥጡ በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል። ገና ያልተሰፋው ፍራሽ ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፤ ግንባሯን በመዳፏ ጠረገች።

«የምቾት ሚስት» አለችኝ፣ «እባክሽ ውሃ ስጪኝ።»

ሞልቼ ሰጠኋት። ባንድ ትንፋሽ ጨለጠችው፤ ብርጭቆውንም መልሳ ዘረጋችልኝ። «ድገሚልኝ። ይሄ ሙቀት ገደለኝ እኮ፤ ሌሊትም ጓሮ ያመላልሰኛል።»

ደገምኩላት። ጠጥታ እስክትጨርስ ጠበቅኩ። ከዚያ ሽርጤን ፈታሁ፣ በሩን ለምቾት ተውኩለትና እጇን ያዝኩ።

«ተነሺ» አልኳት። «ሙቀት አይደለም። ነይ፣ አብሬሽ ልሂድ።»